ልዕልት ተዋናይት ስትሆን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ስለነበረኝ ሰው እስከዛሬ መንገድ ላይ እያስቆመ ስለ ፊልም ይጠይቀኛል፤ ስለ ልዕልቶች የሚመጡትን ጥያቄዎች ሰብስቤ ከነመልሳቸው እነሆ።

ልዕልት ሆኖ ፊልም መስራት ይቻላል እንዴ?

ይቻላል፣ የሰሩም አሉ። የታይላንድ ንጉሥ የበኩር ልጅ ፊልም ላይ ተውናለች። የኡጋንዳው የቶሮ ንጉሥ ልጅ ሆሊዉድ ድረስ ዘልቃለች። ህንድ ውስጥ ደግሞ የራጃና የናዋብ፣ ማለትም የመሳፍንቱ፣ ልጅ ስም ፖስተር ላይ ሲወጣ ማንም አይገረምም።

ግን ዝም ብሎ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ወይ ዙፋኑ ቀድሞ ወድቋል፣ ወይ ልጅቷ ማዕረጓን መልሳለች፣ ወይ ቤተሰቡ አኩርፎ አኩርፎ ደክሞታል። ዙፋኑ እንደቆመ፣ ማዕረጉ ሳይነካ፣ ጠዋት ሆስፒታል መርቃ ማታ ቀረጻ የምትገባ ልዕልት ማግኘት ከባድ ነው። ሁለቱም የሙሉ ቀን ሥራ ነዋ።

ልዕልት የምትባለው ማን ናት?

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው መወለድ ነው፤ አባትሽ ንጉሥ ከሆነ አለቀ። ሁለተኛው ጋብቻ ነው። ሦስተኛው፣ ሰው የሚከራከርበት፣ ከወረደ ዙፋን ቤት መወለድ ነው። አገሩ ሪፐብሊክ ከሆነ ሃምሳ ዓመት ቢያልፈውም ሰዉ ከልማዱ "ልዕልት" ማለቱን አይተውም።

ለሀረር ሰው ይሄ ባዕድ ወሬ አይደለም። ልዕልት ተናኘወርቅ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱት እዚሁ ሀረር በ1904 ዓ.ም ነው፣ አባታቸው ገና ደጃዝማች ተፈሪ በነበሩበት ጊዜ። እሳቸው በመወለድ ልዕልት ናቸው። ወንድማቸው ልዑል መኮንን "መስፍነ ሐረር" ነበሩ፤ ባለቤታቸው ሣራ ግዛው ደግሞ በጋብቻ ልዕልት ሆኑ። የእንግሊዞቹ "ዱክ" እና "ዱቼስ" ግራ የሚያጋባችሁ ከሆነ ይሄን አስታውሱ፣ ነገሩ ያው ነው። ከዚያም በፊት፣ አሚሮቹ እስከ 1879 ዓ.ም ሀረርን በገዙበት ዘመን፣ ጀጎል ውስጥ የአሚር ቤት ሴት "ጊስቲ" ትባል ነበር። እና ልዕልት ማለት የግድ የወርቅ ጠጉር ያላት የካርቱን ልጅ አይደለችም።

ሜጋን ማርክል ልዕልት ናት ወይስ አይደለችም? ትወናውንስ ለምን ተወችው?

ናት። ልጇ አርቺ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወለድ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ፣ የእናት ሥራ በሚለው ቦታ፣ የተጻፈው "የዩናይትድ ኪንግደም ልዕልት" የሚል ነው። ሥራ ተብሎ! እኔ ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰው የሚጠራት ግን በባሏ ማዕረግ "የሰሴክስ ዱቼስ" ተብላ ነው፤ እንግሊዞች "ልዕልት እገሊት" ብለው በስሟ የሚጠሩት ከዘሩ የተወለደችውን ነው።

ትወናውን በተመለከተ፣ ከ2011 ጀምሮ በአንድ የጠበቆች ተከታታይ ድራማ ላይ ሰባት ሲዝን ሰርታለች። በ2017 መጨረሻ ላይ ታጨች፣ ትወናውን አቆመች፣ በ2018 ተዳረች። እሷ ያኔ እንደ መተው ሳይሆን እንደ ለውጥ ነው የማየው ብላ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከባሏ ጋር ከቤተ መንግሥት ሥራ ወጣች። ምክንያቱን እዚህ አልተነትንም፣ እሱን የሚተነትን ሰው አልጠፋም።

ግሬስ ኬሊ ልዕልት ከሆነች በኋላ ለምን ወደ ፊልም አልተመለሰችም?

ይሄን የሚጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ግሬስ የፊላደልፊያ ልጅ ናት፣ አባቷ በጡብ ሥራ የከበረ ኮንትራክተር። 11 ፊልም ሰርታ፣ ኦስካር ወስዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በ26 ዓመቷ የሞናኮውን ልዑል ሬይኒየርን አገባች። የሙያዋ ጫፍ ላይ ነበረች። ከዚያ ወዲያ በሙሉ ፊልም ላይ አልተወነችም።

ሳትሞክር ቀርታ ግን አይደለም። በ1962 ከአልፍሬድ ሂችኮክ ጋር አዲስ ፊልም ልሰራ ነው ብላ አሳወቀች። ሚናዋ የሌባ ሴት ሚና ነበር። ሞናኮ ተናጋ። የኛ ልዕልት ሌባ ሆና፣ ከሌላ ወንድ ጋር ሆና ልትታይ ነው? ትንሿ አገር በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ ጋር በግብር ጉዳይ ተፋጥጣ ስለነበር ጊዜውም አልረዳትም። ወራት ሳይቆይ ተወችው፣ ሚናውንም ሌላ ተዋናይት ወሰደችው።

ከዓመታት በኋላ በአደባባይ ግጥም ማንበብ ጀመረች። መድረክ ላይ ቆሞ ግጥም ማንበብ ለልዕልት ነውር የለውም። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፦ ኦስካር የወሰደች ሴት የተፈቀደላት ቆሞ ማንበብ ብቻ። በ1982 በመኪና አደጋ ሞተች።

ከተዋናይት ወደ ልዕልት እና ከልዕልት ወደ ተዋናይት፣ ልዩነት አለው?

የሰማይና የምድር። ሰው ሁለቱን ያደባልቃል። ግሬስና ሜጋን ሙያውን ይዘው መጥተው በር ላይ አስረክበው ነው የገቡት። ከቤተ መንግሥት ተወልዳ ወደ ካሜራ የምትሄደዋ ደግሞ በተቃራኒው፣ ለመውጣት የምትከፍለው አለ፤ ማዕረግ፣ አበል፣ አንዳንዴም አገር። የመጀመሪያዎቹ ከፍለው ገቡ፣ ሁለተኛዎቹ ከፍለው ወጡ። በነጻ የተሻገረች አላየሁም።

የንጉሥ ልጅ ሆና የተወነችው የታይላንዷ ማን ናት?

ኡቦልራታና ትባላለች። የንጉሥ ቡሚቦል የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የተወለደች። አሜሪካ ሄዳ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተማረች፣ በ1972 አሜሪካዊ አገባችና የልዕልትነት ማዕረጓን አጣች። ከፍቺ በኋላ በ2001 ጠቅልላ ወደ አገሯ ተመለሰች። በ2004ቱ ሱናሚ ወንድ ልጇ ሞተባት። ከዚያ በ2008፣ በ57 ዓመቷ ገደማ፣ በሲኒማ ፊልም ላይ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆና ወጣች። አንድ ብቻም አልሰራችም፣ ቀጠለችበት።

ማዕረጉ በወረቀት ባይመለስላትም ሕዝቡ እንደ ልዕልት ነው የሚያያት። ይሄ እንዴት እንደሚሰራ በ2019 ታየ። አንድ ፓርቲ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ዕጩ አድርጎ አቀረባት። በዚያው ቀን ማታ ንጉሥ ወንድሟ ተገቢ አይደለም ብለው መግለጫ አወጡ። ዕጩነቷ ቀረ፣ ፓርቲውም ፈረሰ። ፊልም ሲሆን ታለፈላት፣ ፖለቲካ ሲሆን አልታለፈላትም። ከዚህ በላይ ግልጽ መስመር የለም።

አፍሪካ ውስጥስ? የኛ ቆዳ ያላት ልዕልት ተዋናይት የለችም?

አለች፣ እንዲያውም ከሁሉም የሷ ታሪክ ነው የሚበልጥብኝ። የቶሮዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ፣ ከምዕራብ ኡጋንዳ። እ.ኤ.አ. በ1936 ተወለደች። ካምብሪጅ ተማረች፣ በ1965 ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና በእንግሊዝ የጥብቅና ፈቃድ አገኘች። ያኔ ፋሽንም ፊልምም በሐሳቧ ያለ አይመስልም።

ከዚያ በ1967 ፕሬዚዳንቱ ኦቦቴ የኡጋንዳን ነገሥታት በሙሉ ሻሯቸው። ቤተ መንግሥት የለም፣ ወንድሟ ንጉሥ መሆናቸው ቀረ። በዚያ ጊዜ የንግሥት ኤልሳቤጥ እህት ልዕልት ማርጋሬት ለንደን ውስጥ በነበረ የፋሽን ትርኢት ላይ እንድትታይ ጋበዘቻት። ሄደች። ከዚያ ኒውዮርክ፣ በ1969 የታዋቂ የፋሽን መጽሔት ሽፋን። ቀጥሎ ትወና፤ በ1971 በአንድ የናይጄሪያ ታሪክ ላይ በተሰራ ፊልም፣ በ1984 ደግሞ ኬንያ በተቀረጸ የሆሊዉድ ፊልም። በዚህኛው የባህል ሐኪም ሆና ነው የተጫወተችው። ፊልሙ ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እሷ ስትገባ ግን ዓይንሽ ሌላ ሰው አያይም። ቀና ብላ ነው የምትቆመው፣ ዝም ብላ።

በሁለቱ ፊልሞች መሐል ያለው ደግሞ ራሱን የቻለ ፊልም ነው። ኢዲ አሚን በ1974 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረጋት፣ በዚያው ዓመት አባረራት፣ ከአገር ሸሸች። በ1986 በአዲሱ መንግሥት ጊዜ በአሜሪካ የኡጋንዳ አምባሳደር ሆነች። ጠበቃ፣ ሞዴል፣ ሚኒስትር፣ ስደተኛ፣ ተዋናይት፣ አምባሳደር። ቪዲዮ ቤት እያለሁ ይሄን ለደንበኞች ስነግር "አቦ አትቀልድ" ነበር የሚሉኝ።

ሳታውቀው ልዕልት ሆና ስለተገኘችው ተዋናይትስ?

ሳራ ከልበርሰንን ነው የምትሉት። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ተወለደች፣ በሕፃንነቷ በማደጎ ለነጭ ቤተሰብ ተሰጠች። አድጋ ትወና ተማረች፣ ሎስ አንጀለስ ገብታ እንደማንኛውም ጀማሪ ኦዲሽን ትሮጥ ነበር። በ2004 ወላጆቿን ልፈልግ ብላ ሰው ቀጠረች። አባቷ ሴራሊዮን ውስጥ ቡምፔ ከሚባል ቦታ ሆኖ ተገኘ፣ ቤተሰቡም የሜንዴ ሕዝብ አለቆች ቤተሰብ። አያቷ የአካባቢው ዋና ባላባት ነበሩ።

ልዕልትነቱ እዚያ ቤተ መንግሥትና ሠረገላ ማለት አይደለም። ሄዳ ያገኘችው ከ1991 እስከ 2002 የዘለቀው ጦርነት ያወደመውን መንደር፣ የተቃጠለ ትምህርት ቤት ነው። ማዕረጉ ገንዘብ አልሰጣትም፣ ገንዘብ የማሰባሰብ ሥራ ሰጣት። ሰው "ዕድለኛ ናት" ሲለኝ ይሄን ክፍል ዘሎታል ማለት ነው።

የህንድ ፊልም ላይ እውነተኛ ልዕልት አለች?

ድሬ ውስጥ ይሄ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም፣ ከህንድ ፊልም ጋር ነው ያደግነው። እኔ ቪዲዮ ቤት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቤት ኪራይ የሚከፍለው የህንድ ካሴት ነበር። የመጋላ እናቶች ቃሉን ሳያውቁ ዘፈኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሉት ነበር።

አዎ አለች። ያቺ በ1989 እ.ኤ.አ. ከሳልማን ካን ጋር የወጣችው፣ እርግቧ ደብዳቤ የምታደርስላት ባግያሽሪ፣ የሳንግሊ ራጃ ልጅ ናት። በአንድ ፊልም ህንድን በሙሉ ያዘች። ከዚያ የወደደችውን አገባችና ከባሌ ጋር ካልሆነ አልሰራም አለች። ሥራው ቀዘቀዘ። እስከዛሬ ያቺ ልጅ የት ገባች የሚሉኝ አሉ። ባል አገባች፣ ሌላ ነገር የለም።

ሌላዋ ሶሃ አሊ ካን ናት። አባቷ የፓታውዲ ናዋብና የህንድ የክሪኬት ቡድን አምበል ነበሩ፣ እናቷ ሻርሚላ ታጎር ደግሞ ራሷ ትልቅ ተዋናይት። ሶሃ ኦክስፎርድ ተማረች፣ ባንክ ገባች፣ ከዚያ ወደ ፊልም። ህንድ በ1971 የመሳፍንቱን ማዕረግና አበል በሕግ ሰርዛለች፤ ስለዚህ ለነዚህ ልጆች መሥራት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የፓታውዲው ቤተ መንግሥት ራሱ ለሆቴል ተከራይቶ ያውቃል፣ ለፊልም ቀረጻም ይከራያል። ቤቱም ይተውናል ማለት ነው።

እኛ አገርስ? ኢትዮጵያዊት ልዕልት ተዋናይት ለምን አልወጣችም?

ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጊዜው። አገር ፍቅር ቲያትር በ1927 ዓ.ም ሲመሠረት መድረክ ላይ የሴት ሚና የሚጫወተው ወንድ ነበር፣ ቀሚስ ለብሶ። እነ አስናቀች ወርቁ ደፍረው እስኪወጡ ድረስ። ለአንድ ተራ ቤተሰብ ልጅ እንኳ መድረክ መውጣት "አዝማሪ ልትሆኚ ነው?" የሚያስብል ከሆነ ለንጉሥ ልጅ አስቡት። በዚያን ዘመን ልዕልት ልትሰራው የምትችለው የተከበረ ሥራ ሌላ ነበር። ልዕልት ፀሐይ በስደት እንግሊዝ ሳሉ ነርስነት ተምረው በሙያው ሰሩ፣ ገና በወጣትነታቸው በ1934 ዓ.ም አረፉ። ያም ቢሆን ለጊዜው ትልቅ ድፍረት ነበር።

ሁለተኛው፣ የመድረኩ ንቀት ሲቀንስ ዙፋኑ አልጠበቀም። በ1967 ዓ.ም ዘውዱ ወረደ። ሀረር የተወለዱት ልዕልት ተናኘወርቅና ሌሎቹ የቤተሰቡ ሴቶች 14 ዓመት ገደማ ታስረው ኖሩ። ያኔ ማን ስለ ትወና ያስባል?

አሁን በሕግ ኢትዮጵያ ውስጥ ልዕልት የምትባል የለችም። በልማድ ግን አለ። የመስፍነ ሐረር የልጅ ልጅ ኢዩኤል መኮንን እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ ሲያገቡ ጋዜጦቹ ሙሽራዋን አሪያናን "ልዕልት" ብለው ነው የጻፉት። ያን ሳምንት ስልኬ አላረፈም። "የኛ መስፍን የልጅ ልጅ!" እያለ የሚደውልልኝ የሀረር ሰው ስንት ነበር።

ልዕልት ከፊልም ክፍያ ትወስዳለች?

የቤተ መንግሥት ሥራ ላይ ካለች አስቸጋሪ ነው። ቤቷ፣ ጠባቂዋ፣ ጉዞዋ ከሕዝብ ገንዘብ ነው። በሌላ እጇ ደግሞ ከፊልም ኩባንያ ብትቀበል ማዕረጉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ነው ብዙ አገሮች አንዱን ምረጪ የሚሉት።

ኖርዌይ ጥሩ ምሳሌ ናት። ልዕልት ማርታ ሉዊዝ እ.ኤ.አ. በ2002 የራሷን ሥራ ስትጀምር "ልዕልና" የሚለውን መጠሪያ ትታ እንደማንኛውም ሰው ግብር መክፈል ጀመረች። በ2019 ደግሞ በንግድ ሥራዋ ላይ "ልዕልት" የሚለውን ላለመጠቀም ተስማማች። የስዊድን ንጉሥ በዚያው ዓመት አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ከንጉሣዊው ቤት ዝርዝር አወጧቸው። ቅጣት አይደለም፣ አድገው የፈለጉትን እንዲሠሩ ነው። ከነዚያ ሕፃናት አንዷ ነገ ተዋናይት ብትሆን ማንም አይጠይቃትም።

ልዕልትነት ሚና ያስገኛል ወይስ ይከለክላል?

የመጀመሪያውን በር ይከፍታል። ሁለተኛውን አይከፍትም። አዘጋጁ ለወሬው ሲል ይጠራሻል፣ ጋዜጣው ይጽፋል፣ ሰው ለማየት ይመጣል። ከዚያ በኋላ ግን ካሜራው ማዕረግ አያነብም። ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ሁሌም ልዕልት ሁኚ ይሉሻል። ድሃ፣ ገበሬ፣ ሻይ ሻጭ አድርጎ የሚያይሽ የለም። አንዲት ተዋናይት የምትማረው ደግሞ በነዚያ ሚናዎች ነው።

ስሙን ሳይሸከሙ የገቡ የተሻለ የሆነላቸው ይመስለኛል። ካትሪን ኦክሰንበርግ የዩጎዝላቪያ ልዕልት ልጅ ናት፣ እሷ ራሷ ግን ማዕረግ የላትም። በሰማንያዎቹ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታዋቂ ሆነች። ምን ሆና እንደተጫወተች ታውቃላችሁ? ልዕልት ዳያናን። ከእውነተኛ ነገሥታት ዘር ተወልዶ የሌላ ሰው ልዕልት መሆን።

የመሳሳም ትዕይንት ቢኖርስ?

ይሄ ሁሌም በሹክሹክታ ነው የሚመጣው። መልሱ አጭር ነው፤ ውል ላይ ይጻፋል። ልዕልት ሆነሽም ባትሆኚም አልፈልግም ካልሽ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ትናገሪያለሽ። ባግያሽሪ አልስምም ስላለች በሁለቱ መሐል መስታወት ተደርጎ በመስታወቱ ላይ ነው የሳሙት፤ የሚገርመው ትዕይንቱ እንደዚያ ሆኖ ይበልጥ ታወቀ።

ቀረጻ ላይ ልዕልትን ምን ብለው ይጠሯታል? "እርስዎ" ነው?

ከፊልም ሥራ እንደማውቀው ሁሉም ሰው በስሙ ነው የሚጠራው፣ አለዚያ ቀኑ አይበቃም። "ልዕልት ሆይ፣ እባክዎ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ" እያለ የሚቀርጽ ካሜራማን ፀሐዩ ይጠልቅበታል። በአማርኛ ግን ይከብዳል፣ አንቱታው ግሱ ውስጥ ስላለ ማምለጫ የለውም። የአዲስ አበባ ሰው "እርስዎ" ይላል።

ድሬ ብትመጣ ችግሩ አይኖርም። እዚህ አያቱንም፣ ከንቲባውንም፣ የባጃጅ ሹፌሩንም "አንተ" ነው የሚለው። አንዴ ከአዲስ አበባ የመጡ ትልቅ ተዋናይት ከፊራ ገበያ ይዣቸው ገብቼ አንዷ ሻጭ "ነይ እስቲ ቅመሺ፣ ምን ትፈሪያለሽ!" ብላ ሐላዋ አፋቸው ውስጥ ከተተችባቸው። እኔ አፈርኩ። እሳቸው ደስ አላቸው። ልዕልትም ብትሆን ያው ነው የሚገጥማት።

ኢንስታግራም ላይ "የእገሌ አገር ልዕልት ነኝ፣ ፊልም ላሰራሽ" የምትል ሴት ጻፈችልኝ፤ ልመናት?

ገንዘብ ከጠየቀችሽ አትመኛት። እዚህ ላይ ማመንታት የለም። እውነተኛ ፊልም ለተዋናይ ይከፍላል እንጂ ከተዋናይ አይቀበልም። የመመዝገቢያ፣ የቪዛ ማስጨረሻ፣ የአልባሳት ማስያዣ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ አንቺ ከከፈልሽ ሥራ አይደለም። ስክሪፕት አሳዪኝ በያት። አዘጋጁ ማን ነው፣ የት ነው የሚቀረጸው፣ ውሉ የት አለ? ሦስቱን ካልመለሰች ዘውዷን ይዛ ትሂድ።

እኔ ራሴ ተበልቻለሁ። ልዕልት እንኳ አልነበረም፣ ሽክ ያለ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ነው። የአንድ ሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ "ትልቅ ታሪካዊ ፊልም" ብሎ የሰፈር ልጆችን ሰበሰበ፣ ማኅተም ያለው ደረሰኝ ቆረጠላቸው፣ ከኔ ደግሞ ሁለት መብራትና አንድ የካሜራ እግር ተዋሰ። ልጆቹን ለንግሥት፣ ለልዕልት፣ ለጦር አዛዥ እያለ መረጣቸው። ያንን ዕለት ልዕልት ተብላ የተመረጠች ልጅ እናቷን በስልክ ስታበስር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰኞ ስንሄድ አዳራሹ ውስጥ ሠርግ ነበር። መብራቶቹ እስከዛሬ አልተመለሱም።

ልጄ በትምህርት ቤት ድራማ ልዕልት ሆና ልትጫወት ነው፤ ምን ልምከራት?

አንድ ነገር ብቻ፦ አትቸኩይ በላት። ልዕልት የሚያስመስላት ልብሱ አይደለም፣ ዝግታው ነው። ተራ ሰው ሲጠሩት ቶሎ ይዞራል፣ ልዕልት መጀመሪያ የያዘችውን ትጨርሳለች። ተራ ሰው ወንበሩን በእጁ ይፈልጋል፣ ልዕልት ሳታይ ትቀመጣለች፤ ወንበሩ እዚያ እንደሚሆን ዕድሜዋን ሙሉ ታውቃለች። የቶሮዋን ኤልሳቤጥ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ያንን ያስተማራት የትወና ትምህርት ቤት አይደለም።

የእህቴን ልጅ ያለማመድኳት ሳቢያን ሰፈር፣ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ነው። የአክስቷን ድሪያ ለብሳለች፣ ከላይ የሳሎን መጋረጃ እንደ ካባ ደርባለች፣ ዘውዱን ከብስኩት ጣሳ ቆርጬ ነው የሰራሁላት። ሙቀቱ ሌላ ነው። ልጅቷ ደግሞ መሮጥ ነው የምታውቀው፣ ንግግሯን በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰዋለች። ዓረፍተ ነገር ስትጨርሺ እስከ ሦስት ቁጠሪ አልኳት። ጮክ ብላ ቆጠረች። በልብሽ ነው እንጂ! አልኳት። አንድ ሳምንት እንደዚያ ሆንን።

የድራማው ቀን ገና ስትገባ ዘውዱ ከራሷ ላይ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ኳኳታ አሰማ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ከኋላ ቆሜ አሁን ጎንበስ ብላ ታነሳዋለች ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ደረስኩ። አላነሳችውም። ዘውዱን አየችው፣ ቀጥሎ ጦር የያዘውን ልጅ አየችው፣ ከንፈሯ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሲል ይታየኛል። ልጁ ጦሩን አስቀምጦ አነሳላት።